የካድሁት ውሃ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ አብራኝ አርጅታ፣ ሳትሰማው ሞተች። ለነፍስ አባቴም አልነገርኋቸውም። በየዐቢይ ጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ መጠጤን ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህኛው ላይ ስደርስ እየዋጥሁት ተነሥቻለሁ። እርስዎን ግን አላውቅዎትም። ስለማላውቅዎትም ነው የምጽፍልዎ። መስቀል አያንሡልኝ፣ ቀኖና አይስጡኝ፤ ዝም ብለው ይስሙኝ።

ሰው አልገደልሁም ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ይኸው ገና ሳልጽፈው ሌላ ውሸት ሆነ። ጩቤ አልመዘዝሁም፣ ጥይት አልተኮስሁም፤ ይህ እውነት ነው። ያደረግሁት ቧንቧ ማሰር ነው። አንድ የሚያፈስ ቧንቧ አሰርሁ፣ አፈር አልብሼ ቀበርሁት፣ ከዚያ ስጠየቅ ካድሁ። ለአንዲት ልጅ ግን ይኸው በቂ ሆነ።

ስሜ ይሁኔ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አማኑኤል ከተማ ነው፤ ሙያውን አዲስ አበባ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ተምሬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነበር። ያኔ በግቢው ቧንቧ ያስገባ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ የቀረው ሕዝብ ከምንጭ በእንስራ ነው የሚቀዳው። ቧንቧ የሚጠግን ደግሞ ከእኔና ከአንድ ዓይኑ ከደከመ ሽማግሌ በቀር አልነበረም። ሰው «ይሁኔ ቧንቧ» ይለኛል። ኩራቴን ምን ብዬ ልንገርዎ? መፍቻዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ በገበያ መሐል ሳልፍ፣ ባላባት ሁሉ ከእኔ በታች የሚመስለኝ ሰው ነበርሁ። ያቺ ኩራት ናት ጉድ ያደረገችኝ። እኔ ነኝ እንጂ፣ ኩራት ምን እጅ አላት?

ተከራይቼ የምኖረው እትዬ ደብሬ ከምትባል ባሏ ከሞተባት ሴት ቤት ነው። ተከራይቼ ማለቴ ለወጉ ነው፤ እንደ ታናሽ ወንድሟ ነበርሁ። አንድ ክረምት ተስቦ ጥሎኝ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አጥብቃ አስታምማ ያነሣችኝ እሷ ናት። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ስመኝ የምትባል፣ ተማሪ፣ ዓመቷ ዐሥራ ስድስት ወይም ዐሥራ ሰባት ቢሆን ነው። የእኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ ከአዲስ አበባ የማዝዘውን ዕቃ ዝርዝር በዚያ በሚያምር እጇ የምትጽፍልኝ እሷ ነበረች። «ጋሼ ይሁኔ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» እያለች የእያንዳንዱን ብረት ስም ትጠይቀኛለች፤ ካልነገርኋት አትጽፍም።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በነበረው ክረምት ስመኝ ማሳል ጀመረች። ከሳች። እትዬ ደብሬ ሐኪም ቤት ወሰደቻትና የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ በየቀኑ መርፌ ታዘዘላት። ወራት ይፈጃል፣ ግን ሳታቋርጥ ከጨረሰች ትድናለች አሏቸው። ጨክና ጀመረች። በየማለዳው ደብተሯን ይዛ በሐኪም ቤት በኩል ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ኅዳር ሲገባ ጉንጯ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ሳሏም ቀንሶ ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ልጅቱ እየዳነች ነበር።

አሁን ወደ ቧንቧው ልመለስ።

ጥቅምት ላይ ግራዝማች በላቸው አስጠሩኝ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግቢያቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። የእናታቸው ተዝካር ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ እሳቸው ዳስ ሊያስጥሉ ሲሉ የግቢው መሬት ረጥቦ ተገኘ። ቆፈርሁ። ወጥ ቤቱ ጋ የሚደርሰው ቧንቧ ከታችኛው አጥር አጠገብ፣ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። መጋጠሚያው መለወጥ አለበት፤ የዚያ ዓይነት ግን በከተማው የለም። ከአዲስ አበባ መታዘዝ ነበረበት።

እንዲህ ሲያጋጥም የምናደርገው አለ። ውሃውን ዘግቼ ቧንቧውን በጨርቅ አደረቅሁ፤ ስንጥቁ ላይ ሳሙና አሸሁበት፤ ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ፣ ከመነዳሪ የምንለውን፣ በቀጭኑ ሸንትሬ እየሳብሁ ደጋግሜ ጠመጠምሁበት፤ በላዩም በሽቦ አጠበቅሁት። ውሃውን ስለቀው ጠብ አላለም። ይህ ሥራ ነውር የለበትም። ጥሩ ሠራተኛ ሁሉ ይሠራዋል። ነገር ግን ጣሊያኑ ጌታዬ መጀመሪያ ካስተማረኝ ነገር አንዱ፣ በከመነዳሪ የታሰረ ቧንቧ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ዕለት ዕለት እየታየ ይቆያል እንጂ አይቀበርም የሚል ነበር። ከመነዳሪ ይለቃል፤ ሽቦም ይዝጋል። የቀናት ነገር ነው።

ግራዝማች መጥተው ጉድጓዱን አዩና፦

«ካህናቱ ገብተው ሊሰበሩብኝ ነው እንዴ? ዛሬውኑ ድፈነው!» አሉ።

ጣውላ ጋርደንበት ይቆይ ማለት እችል ነበር። ዕቃው እስኪመጣ ነው፣ ይህ ጊዜያዊ ነው ማለት እችል ነበር። ዙሪያውን ዳስ የሚጥሉ ሰዎች ቆመዋል፤ ሁሉም የእኔን እጅ ነው የሚያዩት። ደረቴን ነፋ አድርጌ «አልቋል፣ ጌታዬ! ከእንግዲህ ዕድሜ ልክዎን አይነካዎትም» አልሁ። አፈሩን መልሼ በእግሬ ረገጥሁት። ግራዝማችም በሰው ፊት «እጅህ ይባረክ!» አሉኝ። ደስ አለኝ። እጄን ባረኩት።

መጋጠሚያውን ግን አዝዤ ነበር፤ ዝርዝሩን ስመኝ ናት የጻፈችልኝ። ብረታ ብረት የሚሸጡት ሐጂ ኑሩ ኅዳር ላይ «ዕቃህ መጥቷል» ብለው ላኩብኝ። አልሄድሁም። ደግመው ላኩ። መንገድ ላይም አግኝተው ነገሩኝ። እሺ እያልሁ ቀረሁ። ለምን? ዕቃውን ከወሰድሁ የግራዝማችን ግቢ ዳግመኛ ልቆፍር ነው፤ ልቆፍር ከሆነ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያልሁት ውሸት መሆኑን በአፌ ልናገር ነው። ካልፈሰሰ ምን አስቸኮለኝ አልሁ። ስንፍና ቢሆን በተሻለ፤ ስንፍና ይቅር ይባላል።

ጥር ገባ። መሬቱ ሁሉ በደረቀበት ሰዓት፣ ከግራዝማች አጥር ውጭ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወርደው መንገድ ዳር ካለችው ወይራ ሥር ውሃ ፈለቀ። መጀመሪያ ያየችው አንዲት ዓይኗን የሚያማት አሮጊት ናት። ታጠበችበትና «አየሁ!» አለች። አየሁ ስለ ማለቷ የምፈርደው ነገር የለኝም፤ ምናልባትም አየች። ከሦስት ቀን በኋላ ግን መንገዱ በሰው ተሞላ። ሴቱ እልልታውን አቀለጠው። እትዬ ደብሬ ነጠላዋን እያደገደገች ደጃፌ ላይ ቆማ «ይሁኔ! ጠበል ፈለቀ እኮ! ተነሥ እንጂ!» አለችኝ፤ ፊቷ እንዲያ ሲያበራ ባሏ ከሞተ ወዲህ አላየሁም።

ሄድሁ። ወይራዋን አየሁ፤ አጥሩን አየሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ የቀበርሁት ቦታ የት እንደሆነ በልቤ ለካሁ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በማግሥቱ ቧንቧውን ልፈትሽ ብዬ ግራዝማች ግቢ ገባሁና መዝጊያውን ለጥቂት ጊዜ ዘጋሁት። ወርጄ ሳይ ውሃው ቀጥኗል። ሰዉ መጸለይ ጀምሯል፣ ጠበሉ ተቆጣ እያለ። ተመልሼ ከፈትሁት፤ ወፈረ፤ እልል ተባለ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም ነበር የምልበት ቀዳዳ አልቀረልኝም። ቧንቧ ነው። እኔ ያሰርሁት ቧንቧ ነው።

ቤተ ክህነቱ እንደ ሕዝቡ አልተጣደፈም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። በደብሩ ትልቅ መምህር የነበሩት የኔታ ልሳኑ፣ ሳይጣራ ጠበል አይባልም ብለው ሰዉን ያዙ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ወይራዋ ሥር ተሰበሰቡ፤ እኔም ተጠራሁ። ግራዝማች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከፊት ቆመዋል። የኔታ በዘንጋቸው ተደግፈው ቀረብ አሉኝ።

«ልጄ፣ እኛ መጽሐፍ እንጂ ብረት አናውቅም። በከተማው ይህን የሚያውቅ አንተ ነህ» አሉኝ። «ይህ ውሃ ከቧንቧ የወጣ አይደለም?»

ምን ያህል ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ናት። አዎ፣ የኔታ። በቃ። ቢበዛ ግራዝማች ይሰድቡኝ ነበር፣ ሰው ይስቅብኝ ነበር፣ ስሜ ይቀየር ነበር። በዚያ ሰሞን የትምህርት ቤቱን የቧንቧ ሥራ ሊሰጡኝ ነበርና እሱም ይቀርብኝ ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። አንገቴ ላይ ሰይፍ የያዘ ሰው አልነበረም።

«አይደለም፣ የኔታ» አልሁ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በዚህ በኩል የሚያልፍ ቧንቧ የለም። የግራዝማችን ግቢ ቧንቧ የቀበርሁት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

የኔታ ትክ ብለው አዩኝ። አምነውኝ ነው፤ ጠርጥረውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያስ የቸርነቱ ሥራ ነው» ብለው ቆባቸውን አወለቁ፤ ካህናቱ ጸሎት ጀመሩ፤ ውሃው ተባረከ። እኔም ከሰው ጋር አብሬ መሬት ሳምሁ። የሳምሁት መሬት የረጠበው በእኔ ውሸት ነበር፤ ከንፈሬ ላይ ጭቃው ቀረ።

ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ። የተባረከ ውሃ ከቧንቧ ቢመጣ፣ ከዓለት ቢመጣ ምን ለውጥ አለው? የሚያምን ሰው ይድንበት የለም ወይ? ይህን ክርክር ለዓመታት ስከራከር ኖሬአለሁ፤ ጥሩ ጠበቃ ነኝ። ነገር ግን የኔታ የጠየቁኝ ስለ እግዚአብሔር አልነበረም። ስለ እግዚአብሔር እሳቸው ያውቃሉ። እኔን የጠየቁኝ ስለ ቧንቧ ነው። የማውቀውን አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ ያንን ካድሁ።

በሳምንቱ እትዬ ደብሬ መጣችና ሰው እየተጋፋ ጭቃ ሆኗልና ውሃው ከፍ ብሎ እንዲወርድ አበጅልን አለችኝ። አበጀሁላቸው። ድንጋይ ካብሁ፣ ከቤቴ ቁራጭ ቧንቧ አምጥቼ አፉን አስተካክዬ ተከልሁ። ለነፍሴ ነው ብዬ በነጻ ሠራሁት። ሰው መረቀኝ፤ «እጁ የተባረከ» ተባልሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ።

ስመኝ መርፌውን አቆመች። ጎረቤቱ ሁሉ መርፌ የገባበት ገላ ለጠበል አይሆንም፣ ሁለት ልብ ሆኖ መዳን የለም ይል ነበርና እናቷ ሰማች። እንዴት አትሰማ? በደጇ ጠበል ፈልቆላት! እኔ አንድ ቀን አፌን ልከፍት ሞክሬ ነበር። «ሁለቱንም ብታደርጉትስ፣ እትዬ?» አልኋት። በድንጋጤ አየችኝና «አንተ በእጅህ ያበጀኸውን ነው የምትጠራጠረው?» አለችኝ። መፍቻዬን አንሥቼ ወጣሁ። ያልኋትን ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለራሴ ምስክር አድርጌ ላቀርባት ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። አትረባም። እውነቱን የያዘ ሰው «ብታደርጉትስ» አይልም።

የደብረ ማርቆስን የጥር ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውርጩ ሣር ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያቺ ሳንባዋ የታመመ ልጅ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋን ብቻ ለብሳ፣ እኔ በተከልሁት ቁራጭ ቧንቧ ሥር ቆማ ትጠመቃለች። አንድ ሱባኤ ጨረሰች፤ ደገመች። ስትመለስ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ በግድግዳው ይሰማኛል። እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ። የሰማሁበትን ጆሮ እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ።

መርፌ የሚወጋት ድሬሰር አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝ። ደግ ወጣት ነበር። «ያቺ የእናንተ ቤት ልጅ ምነው ቀረች? ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት እኮ። አቋርጣ ከቆየች በሽታው ይብሳል፤ እባክህ እናቷን ንገራት» አለኝ። እነግራታለሁ አልሁት። አልነገርኋትም። በሦስተኛው ቀን ስመኝ ደም ተፋች። መሐረቡን እናቷ ሳታይ ስታጥብ እኔ አየኋት። አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ እንዳትናገር ብላ። እኔ ደግሞ አለመናገር አያቅተኝም።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ቢሆንም፣ ፈርቼስ ምን አደረግሁ? ወደ የኔታ ሄድሁ? ወደ እናቷ ሄድሁ? ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድሁ። ቧንቧውን ብጠግነው ውሃው ይደርቃል፤ ውሃው ከደረቀ ስመኝ ወደ መርፌዋ ትመለሳለች፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልናገር ነገሩ ሁሉ ያልፋል ብዬ አሰብሁ። ሐጂ ኑሩ መጋጠሚያውን ከአቧራው እየጠረጉ «ምነው ይሁኔ፣ ሚስት ልትድርለት ነበር ያቆየኸው?» ብለው ቀለዱብኝ። ሳቅሁ። ግራዝማች ጉንደ ወይን አጠገብ ወዳለው መሬታቸው ሄደው ነበር፤ ለባለቤታቸው መዝጊያውን ላጽዳ ብዬ ገባሁና ቆፈርሁ። ከመነዳሪው እንደበሰበሰ አንጀት ተንጠልጥሏል፤ ሽቦው ዝጎ ተበጥሷል። ቆርጬ ጣልሁት። አዲሱን መጋጠሚያ ውሃ እንዳያሳልፍ በቃጫና በቀለም አጥብቄ ገጠምሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራሁም። እኩለ ቀን ሳይሞላ ወይራዋ ሥር ጠብታ ቆመ።

ያን ዕለት ምሳዬን በልቼ ጨመርሁ። ይህንንም ይወቁልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ዋይታ ሰምቼ ወጣሁ። ሰው ደረቁን ድንጋይ ከቦ ያለቅሳል። የደረቀ ጠበል ምክንያት እንደማያጣ እንዴት ረሳሁ? እዚሁ አገር አድጌ! ጠበል በከንቱ አይደርቅም፤ ያረከሰው ሰው አለ ይባላል። ማን ነው? ማን ነው የመጨረሻ የተጠመቀ? አንዲት ሴት ከመሐል «ያቺ የምታስለዋ ልጅ ናት። ሳትነጻ ገብታ ነው የሚሆነው» አለች። ሴት በወር አበባዋ ጠበል እንደማትገባ የሚያውቅ ሁሉ ዞሮ ስመኝን አየ። እዚያው ነበረች፤ ለመጠመቅ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ። እኔም እዚያው ነበርሁ፣ ከእሷ አንድ ዐሥር እርምጃ ርቄ። እጄ ላይ የትናንቱ ቀለም ገና አልለቀቀም። እጄን ኪሴ ከተትሁት።

አንድም ሰው አልመታትም፣ አንድም ሰው አልተሳደበም። በማግሥቱ ግን ጎረቤት እሳት ሊጭር አልመጣም። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ በደጃችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። የኔታ ሰውን አትፍረዱ ብለው ገሠጹ፤ የሰማቸው የለም። እትዬ ደብሬ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሐኪም ቤት የሚባል ነገር ከአፏ ጠፋ፤ በዐሳቧ ያለው የልጇ ሳንባ መሆኑ ቀርቶ የልጇ ኃጢአት ሆነ። በመጨረሻ መርጡለ ማርያም ወስጃት ምሕረት እለምንላታለሁ አለች። በጭነት መኪና፣ ከዚያም በበቅሎ፣ ያቺን ደም የምትተፋ ልጅ! እኔ ጓዛቸውን ተሸክሜ ወደ መኪናው ሸኘኋቸው።

እናቷ ከሾፌሩ ጋር ስለ ቦታ ስትነጋገር፣ ስመኝ ጋቢ ተከናንባ ጓዙ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ዓይን ብቻ ሆኗል። ጠቀሰችኝና ጎንበስ አልሁላት።

«ጋሼ ይሁኔ፣ አንተ ውሃ ታውቃለህ» አለችኝ። «እውነት በእኔ ነው የደረቀው?»

ጓዙ የታሰረበትን ገመድ እንደገና አጠበቅሁ።

«እኔ እኮ ቀኔን ቆጥሬ ነው የገባሁት» አለች። «ወይስ ተሳስቼ ይሆን?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ መለስሁላት! መንገድ ስሄድ፣ ስበላ፣ ሳስቀድስ፣ አይደለም ስመኝ፣ ቧንቧ ነው፣ የእኔ ቧንቧ ነው፣ አንቺ ንጹሕ ነሽ እላታለሁ። ያን ጊዜ ግን፣ በሕይወት ሳለች፣ ዓይኗ ዓይኔን እያየ ስትጠይቀኝ፣ ያልኋት ይህን ነው፦

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

ራሷን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያስ ተሳስቼ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ፤ እኔን ለማጽናናት ያህል ፈገግ ለማለትም ሞከረች። መኪናው ሄደ።

ወር አልሞላትም። እዚያው ተቀበረች። ሞቷን የነገረን ከዚያ የመጣ ዲያቆን ነው፤ ስትሞት ውሃውን ስላደረቅሁባችሁ ይቅር በሉኝ ብላ ለደብረ ማርቆስ ሰው ላከች አለ። ሰውም ከንፈሩን መጠጠ፣ ይቅር ይበላት አለ። እኔም ከሰው ጋር ይቅር ይበላት አልሁ። ይቅር አልኋት! ይገባዎታል? እኔ እሷን!

እትዬ ደብሬ አልተመለሰችም። ቤቷን በሰው አሸጠች፤ መርጡለ ማርያም ቀርታ ደጀ ሰላሙን ትጠርጋለች። እኔ የትምህርት ቤቱን ሥራ አገኘሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ከበርሁ። በየጥቂት ዓመቱ እየሄድሁ እጠይቃታለሁ፤ ልብስ እወስድላታለሁ። ዛሬም በሕይወት አለች፤ ዓይኗ ግን ጠፍቷል። ባለፈው ዓመት፣ ሚስቴ ከሞተች በኋላ፣ ልነግራት ቆርጬ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያጠናሁ ሄድሁ። ደጃፏ ላይ አጠገቧ ተቀመጥሁና «እትዬ፣ ስለ ስመኝ የምነግርሽ አለኝ» አልኋት።

ስሟን ስትሰማ እጄን ፈልጋ ያዘችው። መዳፌን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። «ይኸው ይህ እጅ ነው ጠበሉን ያበጀላት» አለች። «እሷ ልጅ ናት፣ ሳታውቅ አረከሰችው። ይኸው በየዓመቱ በሞተችበት ቀን ከውሃ ታቅቤ እውላለሁ፣ ስለዚያ ውሃ እግዚአብሔር እንዲምራት። አንተ የዋህ ነህ፣ አንተን ይሰማሃል፤ ማራት በልልኝ።»

ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ቆመች፤ እጄን አልለቀቀችም። «ማራት» አለች። እኔም ከጎኗ ቆሜ «ማራት» አልሁ። ከዚያ ተሰናብቻት መጣሁ።

እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም። እርስዎ ቢምሩኝ እኔ ይቀለኛል፤ ስመኝ ግን በእናቷ አፍ እንደ በደለች ትኖራለች። ሽማግሌ ነኝ፣ ፈሪ ነበርሁ፣ ዘመኑ እንዲህ ነበር ብዬ የማቀርበው ሰበብም የለኝም፤ ዘመኑ አልጠየቀኝም፣ የጠየቀችኝ አንዲት ልጅ ናት። ዛሬ ከደብረ ማርቆስ መርጡለ ማርያም በጠዋት የተነሣ ሰው በመኪና በቀኑ ይደርሳል። ጤናዬ ደኅና ነው፤ ለመሳፈሪያም አላጣሁም። እትዬ ደብሬ እዚያ አለች፣ ጆሮዋ ይሰማል። እኔ ግን ይኸው ቤቴ ቁጭ ብዬ ለእርስዎ እጽፋለሁ።